ስምንተኛውና ዘጠነኛው ትእዛዝ

ክረምት ላይ ከሚሴ ሌሊት ዝናብ ሲጥል የጣሪያው ቆርቆሮ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ባለፈው ክረምት እንዲህ ያለ አንድ ሌሊት ተኝተን አደርን። ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ፊቱን ሊታጠብ ሲወጣ በረንዳው ባዶ ነበር። ሞተር ሳይክሉ የለም። የሚሸፈንበት ሸራ ግድግዳው ሥር ወድቋል፤ የግቢው በር ገርበብ ብሏል፤ ጭቃው ላይ የጎማው መስመር እስከ አስፋልቱ ድረስ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ወደ ኮምቦልቻ ይሂድ ወደ ካራቆሬ፣ ዝናቡ አጥቦታል።

ያ ሞተር የሁለት ዓመት ዕቁብ ነው። ወንድሜ ወደ ጨፋ ሮቢትና በዙሪያው ወዳሉ ገበያዎች ሸቀጥ የሚያመላልሰው በእሱ ነበር። እሑድ ደግሞ ለወንጌላዊያችን ያውሰዋል፤ እሱም በገጠር ያሉትን ጥቂት ቤተሰቦች ሊጠይቅ ይሄድበታል። ስለዚህ የጠፋው የአንድ ሰው ንብረት ብቻ አልነበረም።

እናቴ መጀመሪያ አለቀሰች። ቀጥላ አንድ ነገር ተናገረች፦ «ውሻው ለምን አልጮኸም? የሚያውቀው ሰው ቢሆን ነው እንጂ።»

ከዚያች ቃል በኋላ ሁላችንም ሳንነጋገር ወደ አንድ አቅጣጫ ተመለከትን፤ ወደ ጎረቤት አጥር። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ሙስሊም ቤተሰብ ናቸው። ከአሥር ዓመት በላይ ቡና አብረን ጠጥተናል። በዓላችን ሲደርስ ሥጋ የሌለበት ምግብ ለእነሱ ለብቻ ይዘጋጃል፤ በአረፋ ደግሞ እነሱ ለእኛ እንደዚያው ያደርጋሉ። እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ ውኃ ያሞቀችላትና ገላዋን ያጠበቻት የዚያ ቤት እናት ናት። የዚያ ቤት ልጅ ደግሞ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ የወንድሜን ሞተር ያጥባል፤ በለውጡ አንድ ዙር ይነዳታል። ቁልፉ የት እንደሚሰቀል ያውቃል። ውሻውም ያውቀዋል።

ወንድሜ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። «የምትጠረጥረው ሰው አለ?» ብለው ጠየቁት። የልጁን ስም ተናገረ።

ልጁ አንድ ሌሊት ታስሮ አደረ። ቤቱ ተፈተሸ፤ ምንም አልተገኘም፤ የመሰከረበትም ሰው የለም። በማግስቱ ተለቀቀ። ሞተሩ ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ አልተገኘም። ማን እንደወሰደውም አላወቅንም።

አንዲት «ነ»

በዚያ ሳምንት የሰማሁትን ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሰፈሩ ውስጥ ሲወራ የነበረው «እሱ ነው የወሰደው» የሚል ነበር። በሦስተኛው ቀን ሱቅ ዳቦ ልገዛ ስሄድ አንድ ሰው «እነሱ እኮ እንዲህ ናቸው» ሲል ሰማሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ ከወዲያኛው ወገን «እነሱ እኮ ድሮም አይወዱንም» ተብሎ ነበር።

«እሱ» እና «እነሱ» በመካከላቸው ያለው አንዲት «ነ» ናት። ግን በእኛ አገር፣ በዚህ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ያቺ ፊደል ስንት እንደምታስከፍል የማያውቅ ወጣት የለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ዞናችንና አዋሳኝ ወረዳዎቻችን ያዩትን አይተናል። ሰው ሞቷል፤ ቤት ተቃጥሏል፤ ስንቱ ንብረቱን ተዘርፎ በባዶ እጁ ቀርቷል። ያ ሁሉ የጀመረው በሞተር ስርቆት ነው አልልም፤ እንደዚያም አይደለም። ነገር ግን ሰው በጎረቤቱ ላይ ክፉ ነገር ለማመን አስቀድሞ ከተዘጋጀ፣ ትንሿ ወሬ ትልቁን ክምር ለማቀጣጠል ትበቃለች። እኛም በዚያ ጠዋት ከበረንዳችን ላይ ክብሪት ጭረናል።

ቅዳሜ በወጣቶች ኅብረት ጉባኤያችን ላይ ይህን ነገር አነሣሁት። «ይቅርታ ልንጠይቀው ይገባል» አልኩ። አንድ ወንድም እጁን አውጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ይቅርታ ጠይቃችሁት ኋላ ሌባው እሱ ራሱ ሆኖ ቢገኝስ? ጌታ እንድንታለል ነው የሚፈልገው?»

ማንም አልመለሰለትም። እኔም አልመለስኩም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው፤ ዘገየ እንጂ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ?

አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። ተረቱ ውሸት አይደለም። ዓለም የሌቦች ዓለም መሆኗን ጌታችንም በተራራው ስብከቱ አልሸሸገም፤ ግድግዳ ቆፍረው ስለሚሰርቁ ሌቦች ተናግሯል። ደቀ መዛሙርቱንም ሲልካቸው የዋህነትን ከብልህነት ጋር አዟቸዋል። ስለዚህ ክርስቲያን በሩን ክፍት ጥሎ የሚተኛ ሞኝ እንዲሆን አልታዘዘም።

ግን ጥንቃቄና ጥርጣሬ አንድ አይደሉም። በር መቆለፍ ጥንቃቄ ነው። ሞተሩን ከበረንዳው ብረት ጋር በሰንሰለት ማሰር ጥንቃቄ ነው። ቁልፍ ማንንም አይከስም፤ ለሚመጣው ሁሉ እኩል ተቆልፏል፤ ጎረቤትም ቢያየው አይቀየምም። ጥርጣሬ ግን ፊት አለው፤ ስም አለው። ጥንቃቄ ከስርቆቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። እኛ ጥንቃቄውን ሳንሠራ ቀርተን፣ ከስርቆቱ በኋላ ጉድለታችንን በጥርጣሬ ልንሞላው ሞከርን። በረንዳው ላይ ሰንሰለት አለማሰራችንን ማንም አላነሣም። ስለ ልጁ ግን ሁላችንም የምንናገረው ነገር አገኘን።

ደግሞ ምን ዓይነት ማስረጃ ነበረን? ውሻው አለመጮኹ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደዚያው ያለ ከባድ ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዳችን በሩን ለረጅም ጊዜ ደበደበ። ውሻችን አይቶት አያውቅም። አልጮኸም። ወጥቼ ስፈልገው ማድ ቤት ውስጥ ከጆንያ ሥር ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ዝናቡ ማንንም አያሰማውም። እናቴ ይህን ባየች ጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ልጁን አንድ ሌሊት ያሳሰረችው ማስረጃ ይህች ነበረች።

ልብ በሉ፤ ይህ ልጁ ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናውቃለን ያልነውን አናውቅም ነበር።

የወደቀበት ቤት

ሌባን ለማወቅ መቸኮል የእኛ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ «ሌባ ሻይ» የሚባል ልማድ ነበር። ንብረት ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ወገቡን በመቀነት አስረው ይከተሉታል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። «አውጫጭኝ» የሚባልም ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስ ከስፍራው እንዳይነሣ ይደረጋል። የሁለተኛው ሐሳብ ቢያንስ ማኅበረሰቡ ስለ ጎረቤቱ ንብረት ኃላፊነት አለበት የሚል መልካም ነገር ነበረው። በመጀመሪያው ግን ስንት ንጹሕ ሰው በአንድ የሰከረ ልጅ መውደቅ ምክንያት ሌባ ሲባል ኖሯል!

ዛሬ በሌባ ሻይ እንስቃለን። ግን እስቲ እንጠይቅ፤ የእኛ ጥርጣሬ ከዚያ ልጅ በምን ይሻላል? እሱም ንዴት ያልሆነ ሌላ መጠጥ ጠጥቶ ነበር እንጂ እንደ እኛ እየተንገዳገደ ነበር። የእኛም ጥርጣሬ ከበረንዳው ተነሥቶ በቅርብ ባለው ደካማ ሰው ቤት ወደቀ። ለምን ይመስላችኋል ሀብታም ጎረቤታችንን ያልጠረጠርነው?

በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሞተር ሳይክል የሚፈጸም ዝርፊያ በመብዛቱ ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከልክሎ ነበር። እርምጃው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ለአስተዳዳሪዎች እንተወው። እኔ የማስበው በሞተሩ መልእክት እያደረሰ ቤተሰቡን ሲያስተዳድር የነበረውን ወጣት ነው። በጥቂት ዘራፊዎች ምክንያት እሱም በአንድ ቀን ከሥራው ተነሣ። የሌባ ጉዳት የሰረቀው ዕቃ ላይ አያቆምም። ሌባ የሚመስሉትን ሁሉ ያስከፍላል።

ጣሊያናዊው የፊልም ሠሪ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው «የብስክሌት ሌቦች» የተባለ ፊልም አለ። ከጦርነቱ በኋላ በሮም ከተማ የሚኖር አንድ ድሃ ብስክሌት የሚጠይቅ ሥራ ያገኛል። ሚስቱ አንሶላ አስይዛ ብስክሌቱን ከመያዣ ታወጣለታለች። በሥራው መጀመሪያ ቀን ይሰረቃል። ከትንሽ ልጁ ጋር ከተማውን ሲያስስ ይውላል፤ አንድ ወጣት ይዞ «አንተ ነህ» ይለዋል፤ ፖሊስ ቤቱን ይፈትሻል፤ ምንም አይገኝም፤ ምስክርም የለም። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ የሌላ ሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሲሞክር ልጁ ፊት ይያዛል። ይህ ፊልም ስለ ጠፋው ብስክሌት ብቻ አይደለም። የተሰረቀበት ሰው ቀስ በቀስ ምን ወደ መሆን ሊሄድ እንደሚችል ያሳያል።

ጽዋው በብንያም ከረጢት

ወደ ቃለ እግዚአብሔር ስመለስ የሚገርመኝ የብንያም ታሪክ ነው። በዘፍጥረት 44 የዮሴፍ የብር ጽዋ ጠፍቶ ተፈለገ፤ ከብንያም ከረጢት ውስጥ ተገኘ። እኛ ያላገኘነው ዓይነት ማስረጃ ነው። ንብረቱ በእጁ ተገኘ። ሆኖም ብንያም አልሰረቀም። ጽዋውን ማን እዚያ እንዳስገባው የሚያውቀው ዮሴፍና የቤቱ አዛዥ ብቻ ነበሩ። ዮሴፍ ራሱም ቀደም ሲል በጲጥፋራ ቤት ልብሱ በሴትየዋ እጅ ተይዞ «ማስረጃ» ሆኖበት እስር ቤት ገብቷል። በእጅ የተያዘ ነገር እንኳ እንዲህ ሊያሳስት ከቻለ፣ የውሻ ዝምታ ምን ያህል ያሳስት?

ስለዚህ ነው ሕጉ ጠንቃቃ የሆነው። በዘዳግም 19 ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው። በባልንጀራው ላይ በሐሰት የመሰከረ ሰው ቢገኝ ደግሞ በወንድሙ ላይ ሊያደርስ ያሰበው ቅጣት በራሱ ላይ እንዲመጣ ታዟል። በዘፀአት 22 ላይ ደግሞ ሌባው እንኳ ጥበቃ አለው። ሌሊት ቤት ሲሰብር ተመትቶ ቢሞት አንድ ነገር ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን የገደለው ሰው የደም ዕዳ አለበት። «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ ሲጮኽ ድንጋይ አንሥተን የምንሮጥ ሁሉ ይህን ክፍል ደግመን እናንብብ።

የአገራችን ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 665 ሌብነትን ይቀጣል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የሚያሳዝነው፣ ፖሊስ ልጁን በማግስቱ ሲለቀው እኛ አማኞቹ ከልባችን እስር ቤት ገና አልለቀቅነውም ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኘን ሰላምታችን ያጥር ነበር።

እንግዲህ መልሱ

አሁን ወደዚያ ወንድም ጥያቄ ልምጣ። ይቅርታ ጠይቀነው ኋላ ሌባው እሱ ሆኖ ቢገኝስ?

በአሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ ስለ ስርቆት የሚናገረው ስምንተኛው ነው። ወዲያው የሚከተለው ዘጠነኛው በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከርን ይከለክላል። ጎን ለጎን ናቸው፤ እንደ እኛና እንደ ጎረቤቶቻችን ቤት አጥር ብቻ ነው የሚለያቸው። በዚያ ሌሊት አንድ ሰው ስምንተኛውን ጣሰ። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜና እኛ ዘጠነኛውን ጣስን። የመጀመሪያውን ማን እንደጣሰ አላውቅም። የሁለተኛውን አውቃለሁ፤ ከቤታችን ነው።

«ግን እውነት ሆኖ ቢገኝ ምኑ ነው ሐሰቱ?» ትሉ ይሆናል። በጨለማ ውስጥ ድንጋይ የሚወረውር ሰው አስቡ። ድንጋዩ ጅብ ቢመታ «እንኳን ወረወርኩ» ይላል። ልጅ ቢመታስ? የወርዋሪው ጥፋት ድንጋዩ በማን ላይ እንደ ወደቀ አይደለም የሚወሰነው። ሳያይ በመወርወሩ ነው። ምስክር ማለት ያየ ማለት ነው። ሳያይ ያየ ሆኖ የቀረበ ሰው፣ ነገሩ በአጋጣሚ ልክ ቢወጣ እንኳ፣ ስለ ነገሩ ሳይሆን ስለ ራሱ ሐሰት ተናግሯል፤ «አውቃለሁ» ብሏልና፤ አያውቅም ነበርና።

ስለዚህ ልጁን ይቅርታ ስንጠይቀው «አንተ አልሰረቅክም» ብለን እየመሰከርን አይደለም። ይህንንም አናውቅም። የምንለው «ያላየነውን እንዳየን አድርገን በስምህ ላይ ተናገርን፤ በዚህም በድለንሃል» ነው። ይህ ዛሬም እውነት ነው፤ ነገ ሌባው ማንም ሆኖ ቢገኝ እውነት ነው። ሌባው እሱ ሆኖ ከተገኘ እሱ የሚጠየቅበት የራሱ ጥፋት ይኖረዋል። የእኛን ግን አይከፍልልንም።

ይህ ማለት ሌባ ይተው ማለት አይደለም። የጠፋበት ሰው ለፖሊስ ያመልክት፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ ታርጋውን፣ ሊብሬውን ይስጥ። ያየውን ይናገር። «የምትጠረጥረው አለ?» ሲባል ካላየ «አላየሁም፤ ቤታችን እነ እገሌ ይገባሉ፤ ይህን ብቻ ነው የማውቀው» ይበል። «አየሁ» እና «መሰለኝ» ለየብቻቸው ይቀመጡ። ሌባው ሲገኝም ይመልስ፤ ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ሲቀበል የወሰደውን አራት እጥፍ ሊመልስ ተነሥቷል። ይቅርታ ንብረት መመለስን አይሽርም። እኛም ደግሞ በገበያ ላይ ከየት እንደመጣ የማናውቀውን ርካሽ ስልክና የሞተር ዕቃ ከመግዛት እንቆጠብ፤ ገዢ ከሌለ ሌባ ሌሊት ዝናብ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ዔሊ ካህኑ ሐናን ሰክራለች ብሎ ጠረጠራት። እሷ ግን በልቧ እየጸለየች ነበር። ባስረዳችው ጊዜ ዔሊ በቃሉ አልጸናም። ወዲያው ባረካት። ካህን ሆኖ ከተጠራጠራት ሴት ፊት ቃሉን ማጠፍ አላሳፈረውም።

ወንድሜ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጋር ወደ ጎረቤታችን ቤት ሄደ። እናቴ ቡና ይዛለች። ያስታረቃቸው ሽማግሌ አልነበረም፤ እኛ ጥፋተኞቹ ሽማግሌ እስኪላክልን መጠበቅ አልነበረብንም። ወንድሜ ብዙ አልተናገረም። «ሳላይ ስምህን ጠራሁ፤ በድዬሃለሁ» አለ። የልጁ እናት እናቴን አቅፋ አለቀሰች፤ «ሰርቆት ቢሆን ኖሮ እኮ እኔ ራሴ እጁን ይዤ አመጣላችሁ ነበር» አለች። ልጁ ግን አላለቀሰም፤ አልሳቀም። «እሺ» አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ።

ታሪኩ እዚህ ላይ በእቅፍ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን የሰው ስም ሞተር አይደለም፤ ዕቁብ ጥለህ በሁለት ዓመት አትገዛውም። ልጁ አሁን ሰላም ይለናል፤ ወደ ግቢያችን ግን እንደ ድሮው አይገባም። ወንድሜ እንደ ገና ዕቁብ ገብቷል። ወንጌላዊያችን እሑድ እሑድ በእግሩ ይሄዳል። የጠፋውን ሞተር መልሰን እናገኘው ይሆን አላውቅም። የልጁን ልብ ግን ተስፋ አልቆረጥንበትም፤ ቡናው ሲፈላ እናቴ አሁንም ከአጥሩ ላይ ሆና ስሙን ትጠራለች። ባለፈው ሳምንት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ስኒ ጠጣ።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፤ ከእናንተም አንዱ ቤት ስልክ ወይም በግ ወይም ገንዘብ ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ጠዋት የመጀመሪያው ነገር ወደ ጎረቤት አጥር ማየት እንዳይሆን እንጸልይ። ሌባው የወሰደው ይበቃናል። ቀሪውን እኛው አንውሰደው።